እንደ ጥጥ የሚፈተለው ድንጋይ

ሰፈሩ ሁሉ ፖስተኛው እያለ ይጠራዋል እንጂ፣ እሱ በሕይወቱ አንዲት ደብዳቤ የማንም ሰው በር ድረስ ወስዶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራው በፖስታ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች የተሞላ ግድግዳ ፊት ቆሞ ነው። ሥራው መለየት ነበር። ደብዳቤውን ያነሣል፣ አድራሻውን ያያል፣ በሣጥኑ ይከታል። ከጊዜ ብዛት እጁ ዓይኑን እየቀደመ፣ ገና አንብቦ ሳይጨርስ ደብዳቤው ቦታውን ይዞ ይገኝ ነበር።

ከነዚያ ሁሉ ሣጥኖች አንዱን ብቻ አይወደውም፤ ከታች በስተግራ ጥግ ያለውን፣ አድራሻቸው የማይነበብ ደብዳቤዎች የሚጣሉበትን። ጓደኞቹ ምሳ ሲወጡ እሱ ከዚያ ሣጥን ሁለት ሦስቱን አንሥቶ መስኮት ሥር ይቆምና በአጉሊ መነጽር ይመረምራል። አለቃው ሲያልፍ፣ «ተወው እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ያንተ ደብዳቤ አይደል!» ይለዋል። እሱ ግን አንድ ነገር ስሙ ሳይታወቅ ከተቀመጠ እንቅልፍ ይነሣዋል።

ጡረታ ሲወጣ ያተረፈው ያበጠ ጉልበት ነበር። ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ፣ «ቁጭ ካሉ ይተሳሰራል፤ በየቀኑ ይራመዱ፣ አስፋልት ላይ ሳይሆን ለስለስ ያለ መሬት ላይ» አለችው። እሱም ቁርሱን ቀማምሶ ወደ ወንዙ ዳር መውረድ ጀመረ። ሁለት ሳምንት እንደተመላለሰ፣ አሸዋ ጫኝ መኪና ረግጦ ለሁለት የከፈለው ግራጫ ድንጋይ እግሩ ሥር አገኘ። ውጪው ማንም የማያነሣው ተራ ድንጋይ ነው። ውስጡ ግን ክፍት ነበር፤ ክፍተቱን ዙሪያውን ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ጥርስ የመሰሉ ሹል ጠጠሮች ሞልተውታል። ፖስተኛው ጉልበቱን ረስቶ ቁጢጥ አለ። ለመነሣት ግን የዛፍ ቅርንጫፍ መያዝ ነበረበት።

ቤት ይዞት ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታጥፍ ነበር።

«ደግሞ ምን ተሸክመህ መጣህ?» አለችው።

«ድንጋይ።»

«እሱማ አየሁት። ምን የሚባል ድንጋይ?»

ይህን ሊመልስላት አልቻለም። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያች ጥያቄ ነው።

በድልድዩ ደረጃ ሥር አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው አለ። ፖስተኛው ሦስት ቀን ተመላልሶ ሽፋኑ የወለቀ፣ ስለ ማዕድናት ለጀማሪዎች የተጻፈ መጽሐፍ አገኘ። መጽሐፉ መጀመሪያ የነገረው ነገር ልቡን ገዛው፤ ቀለም አታምን ይላል። አንዱ ድንጋይ አሥር ቀለም ይዞ ይመጣል፣ አሥር ድንጋይ በአንድ ቀለም ይመጣል። ቀለምን ትተህ ምን እንደሚጭረው እይ፦ ጥፍር፣ የመዳብ ሳንቲም፣ ቢላ ወይስ ምንም? መስታወትንስ እሱ ይጭረዋል? ሸካራ ሸክላ ላይ ስታሸው ምን ዓይነት መስመር ይተዋል? ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት ይንፈቀፈቃል? ማግኔት ይስበዋል?

ፖስተኛው ከመታጠቢያ ቤት የተረፈች ሸክላ ጀርባዋን ገልብጦ መሣሪያ አደረጋት። የሚስቱን የኮምጣጤ ጠርሙስ ወሰደ። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አወጣ። ከጎረቤት ባለሱቅ የካርቶን የእንቁላል መያዣ እየለመነ፣ በየጎድጓዳው ድንጋዩን አስቀምጦ ከፊቱ ስሙን በትናንሽ ፊደል ይጽፍ ጀመር። ገና ያልለየውን «ያልታወቀ» ብሎ ለብቻው ያኖረዋል፤ በየጠዋቱም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሲሳሳት ደግሞ ለጉድ ነበር። አንድ አረንጓዴ፣ ጠርዙ የለሰለሰ ድንጋይ ከወንዙ አግኝቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ኤመራልድ ሳይሆን አይቀርም» እያለ ሲያገላብጥ ከረመ። አንድ ቀን ሚስቱ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ ጠርሙስ ነው። ፊደል አለበት!» አለች። እውነትም የግማሽ ፊደል እግር ተቀርጾበት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ባዶ ጠርሙስ ባየች ቁጥር፣ «ና ውሰድ፣ ሀብትህ እዚህ ወድቋል» ትለዋለች።

ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታቸው ደግሞ አንድ ጊዜ ቢጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ፖስተኛው እጅ ላይ አይቶ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን እንደላጨ ትቶት መጣ።

«ወርቅ ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ፣ ለማንም አልተነፍስም።»

ፖስተኛው ሸክላዋን አውጥቶ አሻው። ጥቁር መስመር ወጣ። «ወርቅ ቢሆን መስመሩም ቢጫ ይሆን ነበር። ይኼ የብረትና የድኝ ውላጅ ነው» አለው።

ፀጉር አስተካካዩ ሸክላዋን በጥርጣሬ አየና፣ «እስቲ በሌላ ሸክላ ሞክረው» አለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። ፖስተኛው ጉልበቱ ተፍታታ፣ ፊቱም ተፈታ። ሚስቱ ለእህቷ ስታወራ፣ «ጡረታ የወጣ ባል ቤት ውስጥ እንደ ዕቃ ተጎልቶ ያስቸግራል ይላሉ፤ የኔው ግን ዕቃ ያመጣል እንጂ አይጎለትም» ትል ነበር።

ታላቅ እህቱ የምትኖረው ከእሱ ቤት ዳገቱን ወጣ ብሎ፣ ሁለቱም በተወለዱባት ቤት ነው። በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ቀድሟት ሄዷል፤ አንዲት ልጅ አላት፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆና የምትሠራ። እህትየው በሰፈሩ የምትታወቀው በግድግዳዋ ንጣት ነበር። ከኮረብታው ትከሻ ላይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነጭ አፈር የሚቆፍሩበት ጉድጓድ አለ። ያን አፈር በወንፊት ነፍተው በውሃ በጥብጠው ግድግዳ ይቀቡበታል፤ ሲደርቅ ወተት ይመስላል። ሌላው ሰው በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ይቀባል፤ እሷ ግን ዝናብ ባባራ ቁጥር ነው። ፖስተኛው ልጅ ሳለ ባልዲ ተሸክሞ ይከተላት ነበር። ስትነፋ አቧራው ሁለቱንም ዱቄት ቤት የዋሉ አስመስሏቸው፣ አንዱ የሌላውን ቅንድብ እያየ በሳቅ ይወድቁ ነበር።

ያን ሰሞን እህትየው ያስላት ጀምሯል። ደረጃዋን ስትወጣ መሃል ላይ ቆም ትላለች። «ብርድ ነው» ትላለች፤ ሰውም ብርድ ነው አላት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፖስተኛው ሊጠይቃት ሲሄድ በጉድጓዱ በኩል አለፈ። ድንጋይ መሰብሰብ ከጀመረ ወዲህ ወደዚያ ጎራ ብሎ አያውቅም፤ አፈር እንጂ ድንጋይ ያለበት አልመሰለውም። ከጉድጓዱ ጎን የተናደው ላይ ግን ነጭ ጅማት አየ። በመዶሻው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ክንድ የሚያህል ቁራጭ ወደቀ። ፖስተኛው እንዲህ ያለ ድንጋይ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እንደ ሐር ያበራል። በጥፍሩ ሊጭረው ሲሞክር አልተጫረም፤ ተተረተረ። ክር ሆኖ መጣ! ቀጭን፣ ነጭ፣ ለስላሳ ክር። በሁለት ጣቱ ቢያሸው እንደ ጥጥ ተፈተለ።

እህቱ ቤት እየሮጠ ገባ ማለት ይቻላል።

«እትዬ! እስቲ ይኼን እይ!»

እሷ ተቀበለችውና አገላበጠችው። «ይኼ ድንጋይ ነው ወይስ ጥጥ?»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ!»

«ስሙስ ማን ይባላል?»

«ገና አልለየሁትም።»

«አንተ ሳታውቀው የቀረ ድንጋይም አለ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ግድግዳውን ተደገፈች። ከቁራጩ ግማሹን ገምሶ ሰጣት። እሷም መደርደሪያዋ ላይ ከልጇ የምረቃ ፎቶግራፍ ጎን አስቀመጠችው።

ቤቱ ሲመለስ ፖስተኛው የቀረውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ፈተና ጀመረ። ሸክላው ላይ ቢያሸው መስመር ሳይሆን ፀጉር ተወ። ኮምጣጤ ቢያንጠባጥብበት ዝም አለ። ማግኔቱም አላወቀውም። እሳት ቢያስነካው ክሩ ቀላ እንጂ አልነደደም፤ ሲበርድ እንደነበረ ነጭ ሆነ። መጽሐፉን አገላብጦ ያገኘው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ክር መሰል ማዕድናት ብዙ ዓይነት ስለሆኑ አዋቂ ጠይቅ ይላል። ሚስቱ ጠረጴዛውን ስትጠርግ፣ «ይኼ ድንጋይህ ደግሞ ይበናል» ብላ አነጠሰች።

«ያልታወቀ» ብሎ ሊያስቀምጠው ሞከረ፤ ግን አራት ቀን አልቻለም። በአምስተኛው ቀን የእንቁላል መያዣዎቹን በሻሽ ጠቅልሎ፣ ያንን ድንጋይ በወረቀት ሸፍኖ፣ በከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ኮሌጅ በአውቶቡስ ሄደ።

በሩ ላይ ጥበቃው፣ «ምንድን ነው የያዙት፣ እንቁላል?» አለው።

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ይዘው የሚገቡት ማንን ሊመቱ ነው?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ስለ አለት የምታስተምረዋ መምህርት ዘንድ አደረሱት። ወጣት ናት፤ በዕድሜ ልጁ ልትሆን ትችላለች። ጠረጴዛዋን ጠርጋ፣ «እስቲ ይዘርጉልኝ፣ አባቴ» አለችው። ጎድጓዳ በጎድጓዳ እያየች ሄደች። ሁለቱን ብቻ አረመችው። «ያለ አስተማሪ ይህን ያህል? ከተማሪዎቼ ግማሹ ይህን አይለዩም» ስትለው ፖስተኛው እንደ ልጅ ጆሮው ቀላ።

«ዋናው ገና ነው» አለና ወረቀቱን መፍታት ጀመረ።

ወረቀቱ ገና በግማሽ እንደተከፈተ መምህርቷ ከወንበሯ ተነሣች። «ይቆዩ፣ አይንኩት» አለች። ድምጿ ተለወጠ። የአየር ማራገቢያውን አጠፋች። ጨርቅ በውሃ ነክራ ከነወረቀቱ ሸፈነችው፤ ከዚያ ጓንት አድርጋ ጥቂት ክር ብቻ ወስዳ ሌላ ክፍል ገባች። ፖስተኛው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ቆየች። ስትመለስ ድንጋዩን በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት አስራ ነበር።

«አባቴ፣ ይኼን ከየት አነሡት?»

«ከሰፈራችን። ነጭ አፈር ከሚወጣበት ጉድጓድ።»

«አፈሩን ለምንድን ነው የምታወጡት?»

«ቤት ለመቀባት።»

መምህርቷ ቁጭ አለች። ከዚያ በቀስታ፣ አንድ በአንድ ነገረችው። ማዕድኑ ትሬሞላይት ይባላል። ብዙ መልክ አለው፤ እንዲህ ክር ሆኖ ሲመጣ ግን ሰው አስቤስቶስ የሚለው ነገር አንዱ ዓይነት ነው። ክሩ ዓይን ከሚያየው በላይ ይቀጥናል፤ ሰው ይተነፍሰዋል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ስሙን አወቀው። አራት ቀን የፈለገው ስም ይኼ ነበር። ፖስተኛው ግን እስክሪብቶውን አላወጣም።

«መድኃኒቱስ?» አለ።

«ከገባ በኋላ የሚያወጣው መድኃኒት የለም።»

«እኔ እኮ ለእህቴ ሰጠኋት። ቁራጭ ገምሼ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ ያስላታል።»

«መቼ ነው የሰጧት?»

«ባለፈው ሳምንት።»

መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች። «የባለፈው ሳምንት አይደለም የሚያስላት፣ አባቴ። ይኼ ነገር ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይተኛል። ግድግዳ መቀባት የጀመሩት መቼ ነው?»

ፖስተኛው ባልዲውን አሰበ። ቅንድባቸውን አሰበ። «ልጆች ሆነን» አለ።

«ግድግዳውንስ ምን እናድርገው? እንፋቀው?» ብሎ ሲጠይቃት ይባስ ደነገጠች። እንዳይፋቅ፣ እንዳይጠረግ፣ ምስማር እንኳ እንዳይመታበት፣ ቢቻል ከላዩ ወፍራም የዘይት ቀለም ተቀብቶ እንዲታፈን ነገረችው። በአውቶቡሱ ሲመለስ ፖስተኛው ይኼን እያሰላሰለ ነበር። ጠላትህ ቤትህ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ እንዳትነካው ተብለሃል።

በማግስቱ መጀመሪያ ቁራጩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከእህቱ መደርደሪያ አነሣ፤ ከዚያ ከልጇ ጋር ሆነው ሆስፒታል ወሰዷት። ኤክስሬይ ተነሣች። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዞ፣ በሳንባዋና በጎድኗ መካከል ውሃ መቋጠሩን በጣቱ አሳያቸው። በመርፌ ቀዱላት፤ ገለባ የመሰለ ውሃ አንድ ጠርሙስ ሞላ። እህትየው ትንፋሿ ወዲያው ተከፈተላትና፣ «ይኼው ዳንኩ!» አለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ግን ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተጠግቶ ነው የተናገረው። የሳንባዋ ሽፋን ላይ ካንሰር ነበር።

ፖስተኛው ስለ ነጩ አፈር ነገረው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዳመጠ። ከዚያ ካርዷ ላይ ረጅም ነገር ጻፈ። «እንኳን ነገሩኝ» አለ። «እንዲህ ዓይነት ሕመም ከአንድ አካባቢ በርከት ብሎ ሲመጣብን መንስኤው ግራ ገብቶን ነበር። አሁን ከምን እንደመጣ አወቅን።»

«ካወቅን ታዲያ ትድናለች?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ውሃውን እየቀዳን እናስታግስላታለን» አለ።

ፖስተኛው ከዚያ በኋላ ላይ ታች ማለት ጀመረ። የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጸሐፊው አክብሮ አስቀመጠው፣ አዳመጠው፣ «በጣም አሳሳቢ ጉዳይ ነው» አለው፤ ከዚያም፣ «ጉድጓዱ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የማንም አይደለም። ሁሉም ይቆፍራል።»

«የማንም ካልሆነ ታዲያ ማንን እናግድ?»

ወደ ጤና ቢሮ ላኩት። ጤና ቢሮ ጉዳዩ የማዕድን ነው አለው። ማዕድን ቢሮ ደግሞ የሚሸጥ ነገር የማይወጣበት ጉድጓድ መዝገባችን ውስጥ የለም አለው። መምህርቷ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈችለት፤ እሱንም አባዝቶ ሦስቱም ቦታ በእጁ አደረሰ። ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ከታች ሲገባ፣ ሌላ ወረቀት ሲጫነው እያየ ነበር። ደብዳቤ የት እንደሚተኛ እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል? ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረበት ነገር ነው።

መንግሥት ዝም ካለ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብሎ፣ በሣንቃ ላይ «ይህ አፈር ሳንባ ይገድላል፣ አትቆፍሩ» ብሎ ጽፎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከለ። እሱም አጠገቡ ቆመ። መጀመሪያ የመጣችው ባልዲ የያዘች ጎረቤቱ ነበረች።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አለችው። «እናቴም አያቴም በዚሁ አፈር ነው የቀቡት። ማን ሞተ?»

ፖስተኛው አፉን ከፈተ። ማን ሞተ? ግንበኛው ሞቷል፤ ሳንባው ደክሞ። የግንበኛው ሚስት ሞታለች፤ ብርድ መቷት። አስተማሪዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የገዛ አክስቱ። አንዱ ሳል፣ አንዱ እርጅና፣ አንዱ አስም ተብሎ ተቀብሯል። እሱ ግን ለየትኛቸውም ማስረጃ የለውም። «እህቴ ታማለች» አለ ብቻ።

«አይዞዎት፣ እግዜር ይማራታል» አለችና ባልዲዋን ሞላች።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ማሰብ ጀመረ። ይኼ ሰውዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲለቅም ከረመ። ኮሌጅ ድረስ ድንጋይ ጭኖ ሄደ። ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ታየ። አሁን ደግሞ ጉድጓዱን ማንም አይንካ ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ያንን ቢጫ ድንጋይ አልረሳም ነበር፤ መቀሱን እያንቋቋ ለአንዱ ነገረ፣ አንዱ ለሌላው። በሦስተኛው ቀን ፖስተኛው ወደ ጉድጓዱ ሲወጣ ከሩቅ ነጭ ደመና አየ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። አካፋ፣ ዶማ፣ ወንፊት፣ የሕፃን መታጠቢያ ገንዳ ሳይቀር ይዘዋል። ሣንቃውን ነቅለው እንደ ማገጃ እየተጠቀሙበት ነው።

«ተዉ! ኧረ በፈጣሪ ተዉ!» እያለ መሃላቸው ገባ። «ወርቅ የለም! መርዝ ነው የምትቆፍሩት!»

«ታዲያ መርዝ ከሆነ ለምን ትሳሳለታለህ?» አለው አንዱ፤ ሰዉም ሳቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ከጉድጓዱ ብቅ አለ። «ለጎረቤት እንኳ አንዲት ቃል ባትተነፍስ?» አለው፤ የምሩን ነበር ያዘነው። «በሌላ ሸክላ ሞክር ብዬህ ነበር እኮ።»

ፖስተኛው የአንዱን አካፋ ሊይዝ ሞከረ፤ ገፈተሩት። የሌላውን ክንድ ያዘ፤ አስለቀቁት። ከዚያ ምን ያድርግ? ሻሹን አፍና አፍንጫው ላይ አስሮ ዳር ላይ ተቀመጠ። በቆፈሩ ቁጥር ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር የሚመጣው ሰው ይበዛል። ሲገባው ዝም አለ። ዝም ሲልም፣ «ይኼው፣ እንዳገኘነው ሲያይ ዝም አለ» አሉት። ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ ልብሱን በር ላይ አስወልቃ ውሃ ውስጥ ከተተችው። እሱ በውስጥ ልብሱ ቆሞ፣ «አፌን ባልከፍት ይሻል ነበር» አላት።

ሦስት ቀን ቆፈሩ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ወርዶ ጠርዙን ናደው፤ ከታች የነበረው የአናጢው እግር ተሰበረ። ያኔ ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ቀን ውስጥ ሰው ልኮ ጉድጓዱን በሽቦ አጠረው። ማስታወቂያም ለጠፉ፤ «የመናድ አደጋ ስላለ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ስለ ክሩ ቃል የለበትም። ቢሆንም ሰው መቆፈር አቆመ። የቆፈሩት ግን ወደፊት ምን እንደሚሆኑ ማንም አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ነው ቀጠሮው።

ፖስተኛው የእህቱን ግድግዳ በዘይት ቀለም ቀባ። ግድግዳውን እያረጠበ፣ አፉን አፍኖ፣ በቀስታ። እሷ ያን ጊዜ እሱ ቤት ተኝታ ነበር። ሲጨርስ ልጇ ደግፋ ወስዳ አሳየቻት።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው የመረጥክልኝ?» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ባንክ ቤት አስመሰልከው።»

«ይኼ ብቻ ነበር ያለው፣ እትዬ።»

ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቃት። ከዚያ ድንገት፣ «አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያን ድንጋይ ባታገኘው ኖሮ እኔ አልታመምም ነበር?»

«ትታመሚ ነበር።»

«ስሙን ስላወቅክ እድናለሁ?»

ፖስተኛው አንገቱን ደፋ። «አትድኚም።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

በክፋት አልነበረም የጠየቀችው፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ፖስተኛው ግን እንባው መጣበት። ያሳደገችው እህቱ፣ ደብተሩን እያየች ፊደል ያስጠናችው፣ ጥያቄ ጠየቀችው፤ መልሱን ፈልጎ አጣው። እሷ እጁን ይዛ ጣቱን ታሻሽ ጀመር። «አይ፣ አታልቅስ። እንዲያው ነው ያልኩት። ደግሞ እኔ ነኝ ባልዲውን ያሸከምኩህ» አለች። ጣቱን ማሸት ግን አላቆመችም።

ሰባት ጊዜ ውሃ ቀዱላት። በስምንተኛው ውሃው አልመጣም፤ ሽፋኑ ጠንክሮ ሳንባዋን ጨብጦት ነበር። ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን ተከራይተው አልጋዋ አጠገብ አቆሙ። ፖስተኛው ጠዋት ጠዋት ትራስ ያነባብርላታል፤ ተጋድማ መተኛት አትችልም። ማሽኑ ይንፈቀፈቃል፣ እሷ ትተነፍሳለች፣ እሱ ይቆጥራል። ሌላ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጇ ከሥራ እስክትመጣ ውሃ ሊያመጣላት ጓዳ ገብቶ ሲመለስ ማሽኑ ብቻ ነበር የሚተነፍሰው።

ከቀብሩ በኋላ ፖስተኛውና ሚስቱ ኤክስሬይ ተነሡ። የሚስቱ ንጹሕ ነው። በእሱ ሳንባ ሽፋን ላይ ግን ጠባሳ የመሰሉ ነጫጭ ምልክቶች አሉ። ሐኪሙ፣ «ይኼ ሕመም አይደለም፤ ተነፍሰውት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ነው። ሌላ ሕመም ሊከተለውም ላይከተለውም ይችላል» አለው።

«እስከዚያው ምን ላድርግ?»

«በየዓመቱ ይምጡ፣ እናያለን።»

ቤቱ ለእህቱ ልጅ ቀረ። ልትኖርበት አልቻለችም። ልትሸጠው ስታስብ ሕሊናዋ እምቢ አላት። አፍርሳ ባዶ ቦታውን ልትሸጥ መምህርቷን ስትጠይቃት፣ ቢፈርስ አቧራው ሰፈሩን እንደሚያለብስና በባለሙያ ብቻ መፍረስ እንዳለበት፣ ባለሙያውም በዚህ ከተማ እንደሌለ ነገረቻት። አንድ ቀን ቁልፉን ይዛ አጎቷ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ እባክህ አንተ ያዝልኝ። በሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ።»

«እኔስ ምን አደርገዋለሁ፣ ልጄ?»

«አላውቅም» አለች። «እንዲሁ ይዘህ ቆይልኝ።»

ፖስተኛው አሁን በሳምንት አንዴ ዳገቱን ይወጣል። ወደ ውስጥ አይገባም። ዙሪያውን ይዞርና ቀለሙ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በውጪ ያያል፤ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ በመስኮት ያጮልቃል። መንገደኛ ያየው እንደሆነ ቆም ይላል፤ ቦታዋ ጥሩ ናት፣ ፀሐይ ታገኛለች፣ እስከ ወንዙ ድረስ ይታይባታል።

«ጋሼ፣ ይኼ ቤት አይከራይም?» ይሉታል።

«አይከራይም።»

«ለምን? ሰው የለበትም እኮ።»

ያኔ ፖስተኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስረዳት ይጀምራል። አንዳንዱ ሰምቶት ይሄዳል፤ አንዳንዱ ግማሽ ላይ ሰዓቱን ያያል። ባለፈው ሳምንት የጠየቁት አዲስ የተጋቡ ወጣቶች እስከ መጨረሻው ሰሙት። ልጅቷ ወደ ግድግዳው አየች፣ ከዚያ ወደ ባሏ፣ ከዚያ ወደ ሰፈሩ ሌሎች ቤቶች።

«ታዲያ የትኛውን ቤት እንከራይ?» አለችው።

ፖስተኛው ዳገቱን ቁልቁል ተመለከተ። የጎረቤቱ ግድግዳ ነጭ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ነጭ ነው።

«እኔ አላውቅም፣ ልጄ» አላት።